ለመሸነፍም እኮ አገር ያስፈልጋል!

ሰውየው ጎሚስታ ናቸው። ስማቸው ኬ. ፓድማራጃን ይባላል። አገራቸው ሕንድ፣ ክፍለ ግዛታቸው ታሚል ናዱ፣ ከተማቸው ሜቱር ነው። በአዘቦቱ ቀን ጎማ ይለጥፋሉ፤ ጎን ለጎንም የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ይሰጣሉ። የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ግን ሪዛቸውን አበጥረው፣ ነጠላ መሳይ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመዘገባሉ። ይወዳደራሉ። ይሸነፋሉ። በማግስቱ ወደ ጎማቸው ይመለሳሉ።

(ጎሚስታ ናቸው ብዬ «አንተ» ልላቸው አልደፈርኩም። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ «አንቱታው ያንሳቸዋል» ብትሉኝ አይገርመኝም።)

«ታዲያ ይሄ ምን ወሬ ሆኖ ነው? ተወዳድሮ የሚሸነፍ በየአገሩ ሞልቶ የለ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፤ ቆጠራውን ስሙና ፍረዱ። ሰውየው መወዳደር የጀመሩት በ1988 ነው። (የሕንድን ጉዳይ ሳወራ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) የ2024 ምርጫ ሲደርስ የዜና ወኪሎች የጻፉላቸው የሽንፈት ቁጥር 238 ነበር። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት! ጉድ በል ጎንደር!

የአገሪቱን ፓርላማ ሞክረዋል፤ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ሞክረዋል፤ ከርዕሰ ብሔርነት ጀምሮ እስከ ሰፈር ምክር ቤት ያልሞከሩት ወንበር የለም። በአገሪቱ የድንቃ ድንቅ መዝገብ፣ «ሊምካ» በሚሉት መጽሐፍ ላይ፣ «በሕንድ ምርጫ ያልተሳካለት ሰው» ተብለው ሰፍረዋል። ከዚህ ሌላ ያገኙት ድል የለም። ለጋዜጠኞች ሲቀልዱማ «ባሸንፍ ልቤ ይቆማል» ብለዋል ይባላል።

የተሸነፉት ደግሞ በማንም አይደለም። ቫጅፓዬ አሸንፈዋቸዋል፤ ማንሞሃን ሲንግ አሸንፈዋቸዋል፤ ናሬንድራ ሞዲ አሸንፈዋቸዋል። ሦስቱም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ወይም የሆኑ ሰዎች ናቸው። የነኢንዲራ ጋንዲ የልጅ ልጅ ራሁል ጋንዲም አሸንፏቸዋል። እስቲ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ጎሚስታ በጠቅላይ ሚኒስትር ተሸነፈ ማለት እኮ፣ ጎሚስታው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ለአንድ ወንበር እኩል ተሰልፎ ነበር ማለት ነው!

ትልቁን ውጤታቸውን ያስመዘገቡት በ2011 በትውልድ ከተማቸው በሜቱር ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ነው። 6,273 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው ከ75 ሺህ በላይ ነው ያገኘው። እኔን የደነቀኝ ግን ልዩነቱ አይደለም። የደነቀኝ መጨረሻ ላይ ያለችው «73» ናት። ለማያሸንፍ ሰው የተሰጠች ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ተቆጥራ፣ ተመዝግባ፣ ለሕዝብ ተነገረች። «ይሄ እንኳን የትም አይደርስ፣ ስድስት ሺህ ምናምን በሉት» ያለ የለም። ሰውየው እስካሁን የተሰጧቸውን የምርጫ ምልክቶች የያዙ ወረቀቶች በላስቲክ አሽገው አስቀምጠዋል፤ አንዴ ዓሣ፣ አንዴ ቀለበት፣ አንዴ ባርኔጣ፣ አንዴ ስልክ፣ በ2024 ደግሞ ምን ቢሰጣቸው ጥሩ ነው? ጎማ!

እንግዲህ ጥያቄው «ሰውየው አእምሯቸው ደህና ነው ወይ?» ነው። ከጎረቤታቸው ጀምሮ የሳቀባቸው ብዙ ነው። እኛም አገር ቢሆን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለን እንዘጋው ነበር። ሞኝነቱ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። በሕንድ ሕግ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው 25,000 ሩፒ ያስይዛል። ከተሰጠው ድምፅ ስድስት አንድ እጅ ካላገኘ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። አቶ ፓድማራጃን በየምርጫው ከጎማ ጥገና ያገኙትን እየወሰዱ ያስይዛሉ፤ ይወረሳል፤ ደግሞ ይሠራሉ፤ ደግሞ ያስይዛሉ።

በዚህ ዓይነት ሞኝነት ብቻቸውንም አይደሉም። ከሳቸው በፊት ጆጊንደር ሲንግ የሚባሉ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሕዝቡ «ዳርቲ ፓካድ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ መሬት ሙጭጭ ብሎ የያዘ እንደማለት ነው። እሳቸውም በ1998 እስኪሞቱ ድረስ ከ300 ጊዜ በላይ ተወዳድረው ተሸንፈዋል። የተወረሰባቸውን ገንዘብ ሲጠየቁ «ለአገሬ ካዝና ያዋጣሁት ነው» ይሉ ነበር። እንዲህም አለ!

የነዚህ ሰዎች ዓላማ ምንድነው? አቶ ፓድማራጃን ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነው። ተራ ሰው መወዳደር ይፈራል፤ ወንበሩ የባለገንዘብና የባለዘመድ ብቻ ይመስለዋል፤ እንደማይሆን ባውቅም እኔ ገብቼ በሩ ክፍት መሆኑን አሳያለሁ ነው የሚሉት። በቃ ይኸው ነው። ፕሮግራምም፣ ማኒፌስቶም፣ የአምስት ዓመት ዕቅድም የለም። በሩን እየገፉ «ይከፈታል» ማለት ብቻ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ክርክር ልግባ፤ ክርክሩ ውሃ የማያነሳ አይደለምና። «ይህ ቀልድ አገር ያስቸግራል፤ ወረቀት ያባክናል፤ ቁም ነገሩን ቧልት ያደርገዋል» የሚሉ ሕንዶች አሉ። እውነት አላቸው። በ1996ቱ ምርጫ ለፓርላማው የተወዳደሩት ሰዎች ቁጥር 13,952 ደርሶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 10,636ቱ የግል ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ያሸነፉት ግን 9 ብቻ። በዚያው ዓመት እዚያው ታሚል ናዱ ውስጥ ሞዳኩሪቺ በምትባል አንዲት የምርጫ ክልል ብሶታቸውን የሚሰማ ያጡ ገበሬዎች ተመካክረው ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ግር ብለው ተመዘገቡ። ለአንድ ወንበር 1,033 ተወዳዳሪ! የምርጫ ወረቀቱ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ ታተመ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ አንድም ድምፅ አላገኙም፤ የራሳቸውን ጭምር ማለት ነው።

መንግሥት ምን አደረገ? እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። 1,033 ገበሬ ምርጫውን አላገጠበት፤ አስቀለደበት። «ፀረ ሰላም ኃይሎች ከጀርባ አሉ» ተባለ? ወይስ ገበሬዎቹ ለስብሰባ ተጠርተው ሒስ አወረዱ? የለም። መጽሐፉን አተሙ፣ አስመረጡ፣ ቆጠሩ። ከዚያ ፓርላማው ሕግ አሻሻለ፤ 500 ሩፒ የነበረው መያዣ ወደ 10,000 ከፍ አለ፤ እውቅና ባለው ፓርቲ በኩል የማይቀርብ ተወዳዳሪ አሥር ደጋፊ መራጮች ያስፈርም ተባለ። በ1998ቱ ምርጫ የተወዳዳሪው ቁጥር ወደ 4,750 ወረደ። ኋላ ላይ ደግሞ መያዣው ዛሬ ወዳለበት 25,000 አደገ። እኔ በዚህ መፍትሔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ መያዣ ሲከመር የሚመታው ቀልደኛውን ብቻ ሳይሆን ድሃውንም ነው፤ ባለገንዘቡ ደግሞ ከነቀልዱ ያልፋል። ቢሆንም ልዩነቱን ያዙልኝ። ሕግ መዘዙ እንጂ ዱላ አልመዘዙም።

ሕንድ ገነት ናት እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ «የጎረቤት ወጥ ይጣፍጣል» ዓይነት ነገር ውስጥ አልገባም። አቶ ፓድማራጃን ራሳቸው በ1991 ናንድያል በምትባል ቦታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሃ ራዎ ጋር ሊወዳደሩ ሄደው መታፈናቸውን ይናገራሉ። የሚያስቀውና የሚያሳዝነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያንን ወንበር ያሸነፉት ከ500 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ልዩነት ነው። አንድ ጎሚስታ ምን ሊያጎድልባቸው ኖሯል አፋኞቹ እንዲያ የደከሙት? በ2024 ከተመረጡት 543 የፓርላማ አባላት ውስጥ ደግሞ 251ዱ የወንጀል ክስ እንዳለባቸው በእጃቸው በፈረሙት ቅጽ አስታውቀዋል። ገንዘቡም፣ ጉልቤውም፣ ዘሩም፣ ሃይማኖቱም እዚያ ምርጫ ውስጥ አለ። ይሁንና ከዚህ ሁሉ ጉድፍ መሐል ተሸናፊ የሚባል ፍጡር መብት ይዞ በሕይወት ይኖራል። የኔ ነገርም እሱ ላይ ነው።

የተሸናፊ መብት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሌላ የሕንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። በ1971 ራጅ ናራይን የሚባሉ ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ሬ ባሬሊ በተባለው የምርጫ ክልል ከጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ጋር ተወዳደሩ። ከ100 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ልዩነት ድባቅ ተመቱ። ሰውየው ግን «ተጭበርብሬያለሁ» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክሱ አራት ዓመት ፈጀ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ራሳቸው ችሎት ቀርበው ተጠየቁ። በጁን 12 ቀን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጃግሞሃንላል ሲንሃ የጠቅላይ ሚኒስትሯን ምርጫ ሰረዙት። ጥፋቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመንግሥት ደሞዝተኛ የሆነ ሰው ለምርጫ ዘመቻቸው ሠርቷል፤ የመንግሥት ሹማምንትም የንግግር መድረክ አሠርተውላቸዋል የሚል ነው። ይኸው ነው! የመንግሥት ሠራተኛና መድረክ! አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ፈገግ ብለህ እንደሆነ ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

በርግጥ ወይዘሮ ኢንዲራ ፍርዱን በፀጋ አልተቀበሉም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ራጅ ናራይንን ጨምሮ ተቃዋሚውን ሁሉ እስር ቤት አጎሩት፤ ጋዜጣውን አፈኑት። ይሁን እንጂ አዋጁ ከ21 ወር በላይ አልኖረም። በ1977 ምርጫ ተጠራ። እዚያው ሬ ባሬሊ ራጅ ናራይን ከእስር ቤት ወጥተው ኢንዲራን ከ55 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ጣሏቸው። እሳቸውም ሥልጣን ለቀቁ። ታሪኩ እዚህ አያበቃም፤ በ1980 ኢንዲራ ተወዳድረው፣ አሸንፈው፣ ተመልሰው መጡ። አያችሁ? መሸነፍ ሞት ያልሆነበት አገር ለአሸናፊውም ይጠቅማል፤ ነገ ተሸናፊ ሲሆን መመለሻ መንገድ ይተውለታልና።

ይህን ሁሉ ሰሞኑን ለሰፈራችን ጎሚስታ አጫወትኩት። የጓደኛዬን መኪና በክሪክ አንስቶ ጎማውን እየፈታ ነበር። የሚስማሩን ቀዳዳ እስኪያገኝ ካልማዳሪውን ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ ከት ከት ብሎ እየሳቀ አዳመጠኝ። የ238ቱ ነገር በጣም አሳቀው። «ወይ ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ሰውዬ ሚስት የላትም እንዴ የሚለው?» አለኝ። ስለ 25,000ው ሩፒ ስነግረው ደግሞ በብር ስንት እንደሚሆን ጠየቀኝ። ኋላ ላይ ግን ሳቁን አቆመና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ በማግስቱ ሱቁን ክፍት አገኘው?»

«እንዴት ማለት?» አልኩት፤ የገባኝም ስላልመሰለኝ።

«ማለቴ… አልታሸገበትም? ንግድ ፈቃዱን አምጣ አላሉትም? የቀበሌ ሰው መጥቶ ‹ሱቋ መንገድ ገብታለች› አላለውም?»

ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ ይህን ሁሉ ስደሰኩር፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር እስከ ፍርድ ቤት ስዞር የሳትኩትን ነገር ልጁ በአንድ ጥያቄ አገኘው። አይ የኛ ሰው! የ238ቱ ሽንፈት ተአምር ቁጥሩ አይደለም። ተአምሩ፣ ከ238ቱ ሽንፈት በኋላ ሱቁ ክፍት መሆኑ ነው።

እስቲ አሁን እኛው ወደ እኛው እንመለስ። (ከዚህ በኋላ ያለው አቆጣጠር የራሳችን ነው።) በእኛ አገር «ሁልጊዜ ተሸናፊ» የሚባል ሰው ለምን ስሙ አይታወቅም? ሕዝባችን መሸነፍ ስለማይወድ ነው? ወይስ ሁላችንም አሸናፊ ሆነን ነው¡ አይደለም። ሁልጊዜ ለመሸነፍ ሁልጊዜ መወዳደር ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ ለመወዳደር ደግሞ ከሽንፈት ወይም ከድል በኋላ ከነነፃነትህ መገኘት ያስፈልጋል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ተሰለፈ። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ከዚያስ? በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ፤ ከአጣሪ ኮሚሽኑ ሥራ የተሰማው የሲቪል ሟቾች ቁጥር 193 ነው። የተመረጡት ሰዎች ወደ ምክር ቤት በመግባት ፈንታ ወደ ቃሊቲ ገቡ፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ጋዜጠኞችም አብረው ታስረዋል፤ ብዙ የግል ጋዜጦችም ያኔ ተዘግተው ቀሩ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የደረሰው በተሸናፊ ላይ ብቻ አይደለም። መሸነፍ አደጋ በሆነበት አገር ማሸነፍም አደጋ ነው።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ «ተስተካከለ»¡ በ2002 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ሁለቷ የቀረችው ተረስታ ይሆናል¡ በ2007 ግን አልተረሳችም፤ 547ቱም ተወሰደ። ሕንድ 238 ጊዜ የተሸነፈ ጎሚስታ አላት፤ እኛ አንዲት ወንበር እንኳ ያልተሸነፈ መንግሥት ነበረን። ያ ሁሉን ያሸነፈ መንግሥት ታዲያ ምን ያህል ቆየ? ምርጫው በተካሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩ በተቃውሞ ተናጠ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ በ2012 ራሱ ኢሕአዴግ የሚባለው ነገር ፈረሰ። መቶ በመቶ ያለ ሰው በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ የለም። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ በስሙ የተተካው ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። ቁጥሩ ዝቅ ብሏል፤ ልማዱ ግን ሥር ሰዶ ያለ ነው።

«ሕዝቡ ለዲሞክራሲ አልደረሰም» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አባባል ጆሮዬ ሊሰማው አይፈልግም። ሕዝቡማ የተሸናፊን ነገር ከጥንት ያውቃል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያለው እኮ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አይደለም፤ ገበሬው ነው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ምንድነች? የአንድ ጊዜ ጉርሻ። የኛ ሰው ግን «በትክክል ከተፈረደብኝ በቅሎዬን ውሰዱ፣ አልከፋም፤ ያለ ፍርድ ግን ጭብጦዬን አትንኩ» ይላል። ይህን የሚል ሕዝብ መሸነፍ አያውቅም ትሉኛላችሁ? መሸነፍንስ ያውቅበታል። ያጣው የሚሸነፍበትን ፍርድ ነው።

አቶ ፓድማራጃን 238 በቅሎ በፍርድ የሄደችባቸው ሰው ናቸው። ስለዚህም ይስቃሉ፤ ሪዛቸውን ያበጥራሉ፤ ለሚቀጥለውም ያስይዛሉ። የኛ ሰው ጭብጦዋ ትቆጨዋለች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም «ማን አሸነፈ?» እያለ ያደነቁረናል። ታዛቢ ተብዬውም ሰልፉ ስንት ሜትር እንደሆነ ለክቶ፣ «በሰላም ተጠናቀቀ» ብሎ አውሮፕላን ይሳፈራል። እኛ ግን ከጎሚስታው ልጅ እንማር። ድምፅ በተቆጠረ ማግስት በየሰፈራችን ዞር ዞር እንበልና የተሸነፈውን ሰው ደጅ እንይ። ሱቁ ተከፍቷል? ልጁ ትምህርት ቤት ሄዷል? ሚስቱ ስንቅ ይዛ የሆነ ግቢ በር ላይ አልቆመችም? መልሱ ደህና ከሆነ ምርጫ ተካሂዷል ማለት ነው። ካልሆነ ግን አሸናፊው ዘጠና ምናምን ቢልም፣ መቶ ቢልም፣ ለኔ ምርጫ አልተባለም።

በነገራችን ላይ የጓደኛዬ ጎማ ተለጥፏል። ሒሳቡን ስሰጠው ልጁ እጁን በቡትቶ እየጠረገ «ጋሼ፣ እኔ ብወዳደር ምልክቴ ምን ይሁን?» አለኝና ሳቀ።

«ጎማ» አልኩት።

«ቀዳዳው የተደፈነ እንጂ!» አለና ወደ ሚቀጥለው መኪና ሄደ።